የእትዬ ሜትር ቀኝ ጆሮ

እትዬ ሜትር የዓለም መጨረሻ ስንት ቀን እንደቀረው ያውቃሉ ተብሎ ተወርቷል። ወሬው እንዲህ ነው፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሰማይ ድምፅ መጣላቸውና «ሰማንያ ስምንት» አላቸው። እሳቸውም በሱቃቸው ቁም ሳጥን በር ላይ በጠመኔ ትልቅ አድርገው ጻፉት። ቁም ሳጥኑ ፊቱ ወደ መንገድ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አነበበ። ጡረተኛው መምህር ያን ዕለት ጣሪያቸውን ማስጠገን አቆሙ፤ «ለሰማንያ ስምንት ቀን ብዬ ነው ቆርቆሮ የምገዛው?» ብለው። በማግስቱ ቁጥሩ ሰባ አራት ሆኖ ተገኘ። አሥራ አራት ቀን እንደ ዋዛ ጠፋ። ሁለት የተኳረፉ ጎረቤታሞች ታረቁ፤ አንዲት ሴትዮ ከዓመት በፊት የተዋሰችውን ድስት መለሰች። ሐሙስ ዕለት አንድ መቶ ሁለት ተጽፎ ሲታይ ግን ምሕረት ወረደ ተባለና ሴትዮዋ ድስቱን መልሳ ተዋሰች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው።

እውነቱን ለማያውቅ ለመንገር ያህል፣ ሰማንያ ስምንት የዳቦ ጋጋሪው ወገብ ነው። ሰባ አራት ጎን ያለው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት። አንድ መቶ ሁለት ደግሞ የትራፊክ ፖሊሱ ነው፤ እሱን በዓይኑ ያየ ሰው የምሕረቱን ስፋት አይጠራጠርም። ድምፁ ግን መጥቷል። እሱ አልተዋሸም።

እትዬ ሜትር ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው በፋርማሲውና በጫማ ጠጋኙ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ ሰውን በትንሹ የሚያቀጥን መስታወት፣ ጠርዙ ላይ የእንጨት ሜትር የተመታበት የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ወረቀት እንዳይቆረጥበት የተማለበት መቀስ። ስማቸው ከአንገታቸው የማይወርደው የጨርቅ ሜትር ያወጣላቸው ነው። ሜትሩ የባላቸው ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራው በዚህ መልክ ሄደ፤ ባልየው በጨርቁ ሜትር ይለካሉ፣ ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ እትዬ ሜትር ይጽፋሉ፣ ከዚያ በእንጨቱ ሜትር እየለኩ ይቆርጣሉ። ልብሱ ግን ሁልጊዜ ይጠብ ነበር። ባልየው ምክንያቱን አያጡም፤ «ሰዉ ወፈረ» ይላሉ። ሰዉ በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደሚወፍር የጠየቃቸው የለም። እትዬ ሜትር ነገሩ ሲሰለቻቸው የራሳቸውን ዘዴ ዘየዱ። ባልየው «ሰማንያ» ብለው ሲጠሩ እሳቸው ሰማንያ ሁለት ይጽፋሉ፤ ለእጅጌ አንድ ይጨምራሉ። ልብሱ ልክ ሆነ። ባልየው እስኪሞቱ ድረስ እጃቸው እንደተሻሻለ ያምኑ ነበር፤ ሚስትየው ደግሞ ከባላቸው ሞት በኋላ «ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ግን በሕይወቱ አንድ ወገብ አስተካክሎ ለክቶ አያውቅም» ማለት ጀመሩ።

ባልየው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆነ። እትዬ ሜትር ለኪም ጸሐፊም ሆኑ፤ ችግሩ የመጣው ከዓይን ነው። ሩቁን እንደ ጭልፊት ያያሉ፤ ሰው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምሳ መብላት አለመብላቱን ይናገራሉ። ቅርቡ ግን ጠፋ። የሜትሩ ቁጥሮች ተርታ የያዙ ጉንዳኖች መሰሉ። በቁም ሳጥኑ ላይ በትልቁ መጻፍ የጀመሩትም ደብተሩ ስላልታያቸው ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ልጃቸው ነርስ ናት፤ ከሰማች «በቃሽ፣ ሱቁን ዝጊ» ብላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ወስዳ መስኮት አጠገብ እንደምታስቀምጣቸው ያውቃሉ። «መስኮት ለድመት ነው» ይሉ ነበር እትዬ ሜትር። ስለዚህ ደንበኛው ላይ ሜትሩን ይጠመጥሙና «እስቲ አንተው አንብብልኝ፣ እጄ ተይዟል» ይላሉ። ሰው የራሱን ወገብ ሲያነብ ደግሞ እውነት አይናገርም። ልብሱ እንደገና መጥበብ ጀመረ፤ ደንበኛም መቀነስ።

ያን ማክሰኞ ዳቦ ጋጋሪው እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል፤ ከብብቱ ዱቄት ይረግፋል።

«ስንት ይላል?» አሉት እትዬ ሜትር።

«ሰማንያ» አለ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ።

በዚህ ጊዜ በቀኝ ጆሯቸው፣ ልክ ከትከሻቸው ጀርባ የቆመ ሰው የተናገረ ይመስል፣ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ «ሰማንያ ስምንት ነው፤ ይጻፉት» አለ። ዞር አሉ። ማንም የለም። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ አፉን አልከፈተም፤ ሆዱን እንደሳበ ስለሆነ መተንፈስም አልቻለም። እትዬ ሜትር ጻፉት። በዚያው ልክ ቆርጠው ሰፉት፤ ሱሪው ልክክ ብሎ ሰውየው ላይ የፈሰሰ መሰለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ሥራ ገባ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ይመጣል፣ ሲዘጋ ይሄዳል፤ እሑድ የለም። ወገብ ይናገራል፣ ትከሻ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ኪሱን ከፍ ያድርጉት» ብሏል። እትዬ ሜትር መጀመሪያ ሰሞን እንደ ማንኛውም ሰው ትልልቅ ነገር ጠይቀውታል። ሰው ሲሞት ወዴት ይሄዳል ቢሉት «ሃምሳ ስድስት» አላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሃምሳ ስድስትን ሲፈቱ ከረሙ። ኋላ ልጃቸው ስትለካቸው የራሳቸው እጅጌ ሆኖ ተገኘ፤ በሜትሩ ግን ሃምሳ አምስት።

ነገሩ ሲሰማ ሰው ጎረፈ፤ ልብስ የሚያሰፋውም፣ የማያሰፋውም። አንዲት ሴትዮ መጥታ፣ «ባሌ ሌላ ጋ ይሄድ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለች።

ተጠየቀ። «አንድ መቶ አራት» አለ ድምፁ።

ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ ባሏን ጺሙን ሲላጭ ከኋላው በራሷ ሜትር ጠመጠመችው። መቶ አራት። «እኔ ጋ የሚበላው ለዘጠናም አይበቃ» ብላ አፋጠጠችው፤ ሲጣራ ሰውየው በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ እናቱ ጋ እየበላ ነው የሚመጣው። ይህ ለድምፁ ትልቅ ዝና አመጣለት። ሰውየው በየቀኑ በሱቁ ፊት እንደሚያልፍ፣ እትዬ ሜትርም ሩቁን እንደሚያዩ ያስታወሰ አልነበረም።

መጀመሪያ የተነሳባቸው ዋርሳቸው ነው፤ የባላቸው ታናሽ ወንድም፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ በሽቦ ያልተያዘ ነገር ሁሉ ውሸት ነው ብሎ የሚያምን።

«ጥርስሽ ነው እትዬ» አላቸው። «ያ በቀኝ በኩል ያስተከልሽው ወርቅ። ወርቅ ሞገድ ይስባል።»

«ታዲያ በሬዲዮ የሰው ወገብ የሚናገር ፕሮግራም አለ?»

«በአጭር ሞገድ የማይባል ምን አለ።»

ሞገድ ለመከልከል የአሉሚኒየም ድስት አመጣና እራሳቸው ላይ ደፍቶ አገጫቸው ሥር በገመድ አሰረው። ጫማ ጠጋኙ ለሙከራ ተጠርቶ ፊታቸው ቆመ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ድስት የደፉ ሴትዮና እጁን የሰቀለ ጫማ ጠጋኝ እያየ ሄደ።

«ዘጠና አንድ አለኝ» አሉ እትዬ ሜትር ከድስቱ ውስጥ።

«አስተጋባ?»

«ትንሽ አስተጋባ።»

«በቃ። መንፈስ አያስተጋባም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የወንድሙን ሜትር ከአንገታቸው አውልቆ ጫማ ጠጋኙን ለካው። «ሰማንያ ዘጠኝ። ሁለት ሴንቲ ተሳስቷል።» ዋርሳው ሰነፍ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ የተናገረውን ሁሉ እየተከታተለ በሜትሩ አረጋገጠ። ወገብ ላይ ሁለት፣ እጅጌ ላይ አንድ፣ ሁልጊዜ ትርፍ። «እስቲ ንገሪኝ፣ አምላክ ሁለት ሴንቲ ይሳሳታል?»

«ለትንፋሽ ትቶ ነው» አሉት።

ቀጥሎ የሰፈሩ የሃይማኖት አባት መጡ። ሰዉ እሳቸውስ ያግዟቸዋል ብሎ ነበር። ሽማግሌው የባልየው በርጩማ ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ሲጠራሽ ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ?» ሲሉ ጠየቁ።

«እርስዎ ይለኛል አባቴ።»

«ነቢያትን አንተ ነው ያላቸው» አሉ ሽማግሌው። «አንቺን እርስዎ ሊል?»

«እኔ ምን ላድርግ። ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት አንቺ እንዳለኝ ነው የሞተ፤ ልጄም አንቺ ነው የምትለኝ። አንድ የሚያከብረኝ ባገኝ ለምን አከበርከኝ ብዬ ልጣላው?»

«ፈጣሪ ወገብ አይለካም።»

«ሁሉን ያውቃል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሁሉን ሲያውቅ ወገብ ብቻ አመለጠው?»

ሽማግሌው ውሃ ጠየቁ፤ ጠጡ። ሐኪም እንዲያይሽ አድርጊ ብለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ የእኔን ስንት አለ?» አሉ።

«ዘጠና ስድስት።»

ተለኩ። በሜትሩ ዘጠና አራት ነበሩ። «ተሳስቷል» ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በዚህ መካከል ትልቁ ሥራ መጣ። አዲስ የሚከፈት ሆቴል ለሠላሳ ስድስት ሠራተኞቹ የደንብ ልብስ አዘዘ፤ ልኬቱ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ልጅየዋ ደግሞ እናቷን ለሐሙስ የጆሮ ሐኪም ዘንድ አስመዘገበች። እትዬ ሜትር ሁለቱን ቀጠሮ ጎን ለጎን አስቀምጠው አሰሉ። ሐሙስ ድምፁ ከሄደ ቅዳሜ ሠላሳ ስድስት ወገብ ማን ያነብላቸዋል? ቅዳሜ ካልሠሩ ሱቁ ተዘጋ፤ ሱቁ ከተዘጋ መስኮቱ ነው። «ጆሮዬ አላመመኝም» ብለው ተከራከሩ። ልጅየዋ ግን «እማዬ፣ ሰው ድስት ደፍቶሽ እያየሁ ዝም ልበል?» ብላ ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ በመብራት ቀኝ ጆሯቸውን አየና አፏጨ። «እማማ፣ ይሄ ጆሮ ኩኩ ከተጠረገ ስንት ዓመት ሆነው?» ከዚያ ለልጅየዋ አስረዳት። ጆሮ ሲደፈን አእምሮ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ ሲፈታ የለመደውን ያወራል።

«እንደ ሰፈራችን ሰው» አሉ እትዬ ሜትር። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው «ልትሄድ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ሰማንያ ሦስት» አለ።

ዓይናቸውን ገለጡ። ከሐኪሙ በቀር ማንም ፊት ለፊታቸው የለም። «አንተ ሰማንያ ሦስት ነህ?» አሉት።

«ከሠርጌ ጀምሮ ሰማንያ ነኝ» አለ ሐኪሙ። ቀበቶው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነበር።

ለብ ያለ ውሃ ገባ፣ ተጠረገ፣ ወጣ። ባቄላ የሚያህል ጥቁር ነገር ብረት ሰሃን ላይ ቂው አለ። እትዬ ሜትር ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። «ይሄ ነው እርስዎ ሲለኝ የነበረው?» አሉ። ቀጥሎ የሚፈርሙበት ወረቀት ቀረበላቸው፤ ክንዳቸው እስኪያልቅ ድረስ አርቀው ያዙና የሐኪሙ ስም ላይ ፈረሙ።

ልጅየዋ ወረቀቱን አየች፣ እናቷን አየች። «እማዬ፣ ሜትሩን በምን ነበር የምታነቢው?»

«መቼ አነበብኩት።»

ዕለቱን መነጽር ተገዛላቸው። ልጅየዋ በመንገድ ላይ ስለ መስኮቱ አላነሳችም፤ ቅዳሜ እንዴት እንደሚሆን ይታይ አለች ብቻ።

ዓርብ ድምፁ አልመጣም። እትዬ ሜትር በሩን ከፍተው ጠበቁ። የቧንቧው ጠብታ ይሰማል፤ የጫማ ጠጋኙ ስድብ ይሰማል፤ ፋርማሲው ደጃፍ ሁለት ሴቶች ስለ እሳቸው የሚሉት ቃል በቃል ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የተጠረገ ጊዜ ግን ለካ ዘመድ ነው፤ እሱም ይብሳል። ልብስ የሚያሰፋ አንድ ሰው ሲገባ አተኩረው አዩትና ጆሯቸውን አዘነበሉ። የሰማይ ሰው ትንፍሽ አላለም።

ቅዳሜ ሠላሳ ስድስቱ ተሰለፉ፤ ሰልፉ ፋርማሲውን አልፎ ሄደ። እትዬ ሜትር መነጽራቸውን አደረጉ። ጉንዳኖቹ ቁጥር ሆኑ። መጀመሪያ የገባው በር ከፋቹ ነው፤ ከሩቅ ሲመጣ ዘጠና አራት መስሎ ነበር የታያቸው፤ ሜትሩ ግን ዘጠና ሁለት ይላል። ጠመኔ የያዘው እጃቸው ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመ። እንደ ድሮው ሁለት ልጨምር ይላል እጁ።

ዋርሳቸው በርጩማው ላይ ሆኖ ያያል። «ሜትር አይዋሽም እትዬ። ያየሽውን ጻፊ።»

ልጅየዋም «ተይ እማዬ፣ እንደ ሰው ሥሪ» አለች።

ዘጠና ሁለት ጻፉ። ሠላሳ ስድስቱንም ሜትሩ እንዳለው ጻፉ፣ በእንጨቱ ሜትር ቆረጡ፣ ሰፉ።

ሆቴሉ የተከፈተ ዕለት እንግዶቹ በሠራተኞቹ ተደነቁ። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ማንም አይደገፍም፣ ማንም አይጎብጥም፣ ማንም አያወራም። ሥራ አስኪያጁ «ሥነ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው» እያሉ እስከ ቀትር ተኩራሩ። ሠራተኞቹ ትንፋሽ ይዘው ነበር። ቀትር ላይ አንድ የከበሩ እንግዳ በመኪና መጡና በር ከፋቹ ጎንበስ አለ። የሱሪው ድምፅ እስከ ወጥ ቤቱ ተሰማ። የሰማው አስተናጋጅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሁለት አዝራር ከደረቱ ተፈናጠረ፤ አንዱ የሌላ እንግዳ ሾርባ ውስጥ ገባ። አስተናጋጁን ለመርዳት የዞሩት ሁለቱ በየብብታቸው ተተረተሩ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሠላሳ ስድስቱ ሰዎች ፎጣ አገልድመው ያስተናግዱ ነበር።

በማግስቱ ልብሱ ተከምሮ ሱቅ መጣ፤ አሥር ቀን ተሰጣቸው። ዋርሳው ምክንያቱን እኔ አገኛለሁ ብሎ ተነሳ። የጨርቁን ሜትር ወሰደና በጠረጴዛው ጠርዝ ባለው የእንጨት ሜትር ላይ ዘረጋው። የጨርቁ መቶ ከእንጨቱ መቶ ሁለት አልፎ ነበር። ስንት ዘመን ሲጎተት ተለጥጧል፤ በተለጠጠ ሜትር የተለካ ሰው ደግሞ ከራሱ ያንሳል።

«አየሽ እትዬ» አለ ዋርሳው፣ «ሁሉም ነገር የተፈጥሮ ምክንያት አለው።»

እትዬ ሜትር ሜትሩን ከእጁ ወስደው በጣታቸው ጠቅልለው ፈቱት። «እጁ ደህና ነበር ማለት ነው» አሉ። ስለ ባላቸው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አንገታቸው ባዶ ሆኖ ስፌት ፈቱ።

መልካምነቱ እትዬ ሜትር ለስፌት ሁለት ጣት ጨርቅ ሳያስተርፉ ቆርጠው አያውቁም። ልጅየዋ ከሥራ መልስ እየመጣች ትፈታለች፤ ዋርሳው በመበየጃ የለመደ እጁ መርፌ ይዞ ራሱን ይወጋል። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው ሱሪ ሲተኮስ ሐኪሙም መጣ፤ የራሱን ሱሪ ሊያሰፋ፣ በወረቀት ጠቅልሎ። ሽማግሌውም ካፖርታቸውን ሊለኩ ገቡ። እትዬ ሜትር አዲስ ሜትር አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ሽማግሌውን ለኩ። ዘጠና ስድስት። ሐኪሙን ለኩ። ሰማንያ ሦስት።

ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ነገሩ ሳይነሳ አልቀረም። ሐኪሙ ልምድ ነው አለ፤ ስንት ዓመት ሁለት ሲጨምር የኖረ አእምሮ ከተደፈነ ጆሮ ጋር ሲገናኝ መናገር ጀመረ እንጂ ሌላ አይደለም። ዋርሳው ልምዱን ተቀበለ፤ ጥርሱ ግን ይታሰብበት አለ። ሽማግሌው ፈጣሪ አለመሆኑ ከታወቀ ለእሳቸው ይበቃል አሉ። ልጅየዋም «እማዬ፣ ያው አንቺው ነሽ ለራስሽ ስትነግሪ የነበረው» አለቻቸው፣ በፍቅር።

እትዬ ሜትር የሐኪሙን ቁጥር ቁም ሳጥኑ ላይ ጽፈው ጠመኔውን አስቀመጡ። ሱቁ ተርፏል፤ ሆቴሉም ለሚቀጥለው ዓመት አዟል፤ መስኮት የሚያነሳ የለም። ግን ዓርብ ጠዋት ከጠበቁበት ሰዓት ጀምሮ እርስዎ ያላቸው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ እሱም ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ። አራቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። ሐኪሙ ሱሪውን መጠቅለያው ውስጥ ፈለገ፣ ሽማግሌው ውሃ ጠየቁ፣ ዋርሳው መርፌውን እንጂ ማንንም አላየም፣ ልጅየዋም የተተኮሰውን ሱሪ ደግማ አጠፈች።

«እሺ፣ ኩክ ነው እንበል» አሉ እትዬ ሜትር። «ኩኩ ልክ ነበር፣ የዋሸው ሜትሩ ነው። አራት የተማራችሁ ሰዎች ተሰብስባችሁ እውነተኛውን አስወጥታችሁ ውሸታሙን አንገቴ ላይ ተዋችሁልኝ። ለመሆኑ፣ ያን ቀን ከጆሮዬ ያስወጣችሁት ምን ነበር?»